ገስግስ የቆመበት በር

አንዳርጌ መሞቱን የሰማሁት ከመራዊ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች ከተሳፈርን ጀምሮ ይሳሳቃሉ። አንደኛው በእጁ ልጓም የያዘ እየመሰለ፣ "በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ! አክተሩ በአናቱ ሄደ። አባራሪዎቹ ሽፍቶችም ወርደው ይሳለማሉ" ይላል፤ ጓደኛው ዕንባውን ይጠርጋል። ወሬውን ስለማውቀው እኔም ከኋላ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ተራኪው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ምስኪን፣ ነፍሱን ይማረው። ነገ ነው አሉ የሚቀበር" አለ።

"ማን ነው የሞተው?" አልኩ ሳላስበው።

"ፎቶ አንሺው አንዳርጌ ነዋ። ያን የካውቦይ ፊልም የሠራው። አላየሽውም?"

አይቼዋለሁ። ሲሠራም ነበርኩ፤ ሽፍቶቹ የለበሱትን ሰደርያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለዚህም ነው ቤቴ እስክገባ ድረስ ሐዘኑና ግርምቱ እየተፈራረቁ ያስቸገሩኝ። ሰውየው በፊልሙ አየሁት ብሎ የሚምልበት ሩጫ በፊልሙ ውስጥ የለም። ኖሮም አያውቅም።

አንዳርጌን ያወቅሁት ከደብረ ማርቆስ ለማስተማር ፍኖተ ሰላም በተመደብኩ ጊዜ ነው። የተከራየኋት ክፍል ከፎቶ ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ቶሎ የማይናደድ ሰው ነበር። ሰው ሲያናግር ግራ ዓይኑን ይጨፍናል። በካሜራ ሲያይ የኖረ ዓይን ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም፤ የማያውቀው ሰው ግን የጠቀሰው ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ተቀይሜ፣ ሰላምታውን ሳልመልስ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቻለሁ። ኋላ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። "ኧረ እሱ ቄሱንም እንዲሁ ነው የሚጠቅስ" አሉኝ።

ዋና ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነበር። ቀረጻው ካላማረው ሙሽሮቹን "እስቲ ተመለሱና እንደገና ግቡ" ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ማንኩሳ ላይ የሙሽራው እናት በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ከደጄ የገባች ሙሽራ ወደ ኋላ አትመለስም። ምን ልታመጣብኝ ነው?" ብለው ቆሙ። አንዳርጌ አልተከራከራቸውም። ካሜራውን ተሸክሞ ወጣና እሱ ራሱ እንደ ሙሽራ እያፈረ፣ እየተሽኮረመመ እንደገና ገባ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እናትየውም ሳቁ። "እነሱ ካልተመለሱ እኔ እመለሳለሁ" ይል ነበር ይህን ሲያወራ።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ቪዲዮ ያሳያል። ካውቦይ የተባለ ፊልም እዚያ ያልታየ አይመስለኝም። አንዳርጌ ከቴሌቪዥኑ ጎን በረጅም በትሩ ተደግፎ ቆሞ ይተረጉማል። ይተረጉማል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ እንግሊዝኛው ከእኔም የባሰ ነበር። ሁለት ካውቦዮች ሽጉጥ ሊማዘዙ ሲፋጠጡ፣ በአንደኛው ድምፅ "እንደምን ዋልህ? ከብቱ ደህና ነው? አዝመራውስ?" ይላል። በሌላኛው ድምፅ ደግሞ "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዝናቡ ትንሽ አስቸገረን እንጂ" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው የሚታኮሱት።

"እነሱ እኮ እንዲህ አላሉም" አልኩት አንድ ቀን።

ግራ ዓይኑን ጨፈነ። "ሰላም ሳይባባል የሚጋደል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እንዲያ ብል ሕዝቡ አያምነኝም።"

የራሱን የካውቦይ ፊልም፣ ያውም ኮሜዲ፣ እሠራለሁ ሲል መጀመሪያ የሳቅነው በእሱ ነው። በኋላ ግን ዳምጤ እሺ እንዳለው ተሰማ። ዳምጤ በዚያን ጊዜ ቀልዱ በየሻይ ቤቱ በካሴት የሚሰማ የአዲስ አበባ ኮሜዲያን ነበር። የእናቱ ዘመዶች ቡሬ አሉ፤ አንዳርጌ የእነሱን ሠርግ ሲቀርጽ ነው የተዋወቁት። "ዳምጤ ካለበት ፊልሙ ባዶም ቢሆን ሰው ይገባል" ይለኝ ነበር አንዳርጌ። ታሪኩ አጭር ነው። ዳምጤ ባርኔጣ የደፋ ፈሪ ሸሪፍ፣ የካውቦይ አገር ዳኛ ነው፤ ሽፍቶች ያባርሩታል፤ እሱም ይሸሻል። እኔ ሰደርያውን ከጆንያ፣ ባርኔጣውን ከካርቶን ሰፋሁ። ባርኔጣዎቹ ካፊያ ሲነካቸው ጆሮ ላይ ይወድቃሉ። አንዳርጌ "እንዲያውም ያስቃል፤ ተይው" አለ።

የቀረው ፈረስ ነበር። ዳምጤ ጸጥ ያለ ፈረስ ካልሆነ አልቀመጥም ብሏል። ጸጥ ያለም፣ ያማረም ፈረስ ያለው ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የአንዳርጌ አባት ቤት ነው። ችግሩ አባትና ልጅ ከተኮራረፉ ዓመታት ማለፋቸው ነው። አባትየው ልጃቸው መሬቱንም ኮርቻውንም እንዲረከብ ይፈልጉ ነበር፤ እሱ ካሜራ ይዞ ከተማ ገባ። "ሰው ሲያስቅ የሚውል ልጅ" ብለው ተዉት።

"አንቺም ነይ" አለኝ አንዳርጌ። "እንግዳ ባለበት አይቆጡም።"

አባትየውን አገሩ የሚጠራቸው አባ ገስግስ እያለ ነው። በዚያ አገር የተከበረ ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ የክርስትና ስማቸውን እኔ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ገስግስ ደረቱ ሰፊ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነበር። ሽማግሌው ለእኔ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፉልኝ። ልጃቸው ቆሞ የመጣበትን ነገር ሲናገር አንዴም አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

"የኔ ልጅ፣ ይህ ሲኒማ የምትሉት የሚያስቅ ነው፣ የሚያስለቅስ?"

"የሚያስቅ ነው፣ አባቴ።"

"በማን ነው የሚሳቅ?"

እኔ አንዳርጌን አየሁት። "በሰውየው ነው፣ አባየ። በዳምጤ" አለ።

"እሱስ እንጀራው ነው፤ ይሳቅበት። ገስግስ ግን ስሜ ነው። ፈረሱን ውሰድ። በገስግስ እንዳይሳቅበት።"

"አይሳቅበትም" አለ አንዳርጌ። በሩ ጋ ስንደርስ አባትየው ልጃቸውን በስሙ ጠርተው የልጓሙን አያያዝ አሳዩት። ወደ ከተማ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎት እንደነበር ያስታውቃል።

የሩጫው ቀን በአባ ገስግስ አገር የአካባቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ዳምጤ "እኔና ፈረስ አብሮ አደጎች ነን" እያለ ሕዝቡን ያስቃል፤ ገስግስ ሲያስነጥስ ግን ከኋላዬ ተደበቀ። ሽፍቶቹ የዚያው አገር ገበሬዎች ናቸው፤ ፈረሱም ጠመንጃውም የራሳቸው ነው። አንዳርጌ "በሉ ጨክኑ፤ ብትደርሱበት ትገድሉታላችሁ" ብሎ አስጠነቀቃቸው። አባ ገስግስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሾላው ሥር ቆመዋል። አንዳርጌ ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመረጠው መንገድ በሚካኤል ደጅ ያልፋል።

ሩጫው ተጀመረ። ዳምጤ የገስግስን አንገት አቅፎ ይጮኻል፤ ሽፍቶቹ ያባርራሉ። መንገድ ላይ አንዲት ባልቴት እንስራ አዝለው ሲመጡ ገስግስ ፍጥነቱን ቀነሰና ቆመ። ጌታው ሰው ሰላም ሳይሉ አልፈው አያውቁማ። ባልቴቷ "እንደምን ዋልህ ልጄ" አሉ። ዳምጤ ወደ ኋላ እያየ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ሊገድሉኝ ነው" ይላል። ሽፍቶቹም ደረሱ፤ እነሱም ቆመው "እንደምን ዋሉ እማማ" አሉ። ባልቴቷ ሲያልፉ ሩጫው ቀጠለ። ገስግስ እንደ ስሙ ገሰገሰና ሚካኤል በር ላይ ሲደርስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀጥ አለ። አባ ገስግስ በዚያ ደጅ ሳይወርዱና ሳይሳለሙ አንድም ቀን አላለፉም። ዳምጤ በፈረሱ አናት ላይ አልፎ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ሽፍቶቹ ከየፈረሳቸው ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ በሩን ተሳለሙ። ከዚያ ሁሉም "እኔን! እኔን!" እያሉ ወደ ዳምጤ ሮጡ። ዋናው ሽፍታ አቧራውን አራገፈለት። ደግፈው ፈረሱ ላይ አወጡትና "በል አሁን ሽሽ" አሉት።

አንዳርጌ ካሜራውን አላጠፋም። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር የምስቀው። ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ይስቃል። ከመሀል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አባ ገስግስ፣ ታዲያ ይህ ፈረስ መቼ ነው የሚገሰግስ?" አለ። ሳቁ እንደ አዲስ ተነሣ።

አባ ገስግስ ከሾላው ሥር መጡ። ዳምጤን አወረዱት። ኮርቻውን አስተካከሉ፣ በሩን ተሳለሙ፣ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰው እየሳቀ ገስግስ ላይ ሊቀመጡ አልፈለጉም። ልጃቸውን ዞረው አላዩትም።

የቀረውን ፊልም በተዋስነው በቅሎ ጨረስን። ዳምጤ "ያ ሩጫ እያለን ሌላው ለምን ያስፈልገናል?" ይል ነበር። ቀረጻው እንዳለቀ ካሴቱን ፎቶ ቤት ውስጥ አየነው፤ አንዳርጌም እኔም መተንፈስ እስኪያቅተን ሳቅን። አንዳርጌ መልሶ አጠነጠነና ድምፁን ዘግቶ እንደገና አየው። በሁለተኛው አልሳቀም። ምስሉ ሲያልቅ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ ቆየ። እንዲህ ሲያደርግ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

"ባለ ባርኔጣው ዳኛ" የተባለው ፊልም በከተማው አዳራሽ ሲታይ ሰው ከቡሬም ከማንኩሳም በጭነት መኪና መጣ። የሳበው የዳምጤ ስም ብቻ አልነበረም፤ የሩጫው ወሬ ቀድሞ አገሩን አዳርሶት ነበር። መጀመሪያ ላይ ገስግስ ዛፍ ሥር ታስሮ ሲታይ ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ ዳምጤ በበቅሎ ብቅ አለ። "ፈረሱ መቼ ነው በቅሎ የሆነ?" አለ አንዱ፤ ያን ምሽት ትልቁ ሳቅ እሱ ነበር። ሰው ሩጫውን ይጠብቃል፤ ሩጫው የለም። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ማንም አልተነሣም።

"ሩጫውስ?" አሉ ከኋላ።

አንዳርጌ በበትሩ ተደግፎ ከሸራው ጎን ቆሞ ነበር። "ካሴቱ ተበላሸብኝ" አለ።

ዳምጤ ግን አላመነውም። በሰው ፊት፣ "እድሜ ልኬን ሰው የሚያነሣኝ በዚያ ነበር" ብሎት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩንም አላነሣለትም። ፊልሙ ጥቂት ቀን ታየና ቀረ። በየሻይ ቤቱ "ፈረሱን በቅሎ ያደረገው" የሚለው ስም ወጣለት። አንዳርጌ ወደ ሠርጉ ተመለሰ። ሌላ ፊልም የመሥራት ነገር ከዚያ ወዲያ ከአፉ አልወጣም፤ ለስንት ዓመት ያሰበው ነገር ነበርና አዘንኩለት።

ነገሩ አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት። "እውነት ተበላሸ?"

"ሠርግ ቀረጽሁበት" አለ።

"ለምን? ብታስቀምጠውስ?"

"ካለ አንድ ቀን አሳየዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ እውነቱን ለሰው አትነግርም?"

"አባቴ ከልክለውኝ ነው ልበል? ያን ጊዜማ ይብስ ይሳቅባቸዋል።" ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ቃሉን መጠበቁን ወድጄለት፣ ካሴቱን ማጥፋቱን ግን ሞኝነት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። አሁንም ቁርጥ ያለ ሐሳብ የለኝም።

አባትየው ሩጫው አለመታየቱን ከሰው ሰምተዋል። በመስቀል ማግስት ገስግስ ላይ ተቀምጠው ፍኖተ ሰላም መጡና ፎቶ ቤቱ በር ላይ ወረዱ። ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። "በል ከፈረሴ ጋር ፎቶ አንሣኝ" አሉ። አንዳርጌ አነሣቸው። ፎቶው አንዳርጌ እስኪሞት ድረስ በመስኮቱ ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ይጠያየቁ ጀመር።

ገስግስ ኋላ አርጅቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ አባ ገስግስ በአውቶቡስ መጡ። ከእኔ ቤት ወንበር አምጥቼ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ "ገስግስን አሳየኝ" አሉት ልጃቸውን።

አንዳርጌ የፊልሙን መጀመሪያ ከፈተላቸው። ገስግስ ዛፍ ሥር ቆሞ ጅራቱን ያወናጭፋል።

"ታስሮማ እኔስ ስንት ዘመን አየሁት። ሲሄድ ነው ማየት የፈለግሁ። ያን ቀን የሮጠውን።"

አንዳርጌ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። "እሱን አጥፍቸዋለሁ፣ አባየ።"

"ለምን?"

"በገስግስ እንዳይሳቅበት ብለውኝ አልነበር?"

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔ እንዳይሳቅበት አልሁ እንጂ እንዳይኖር አልሁ?"

ያን ጊዜ የአንዳርጌን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ወደ በሩ ዞርኩ። ለእኚህ ሰው ብሎ ዳምጤንም፣ አዳራሹንም፣ ስሙንም አጥቷል። ያጠፋው ነገር ግን አሁን እሳቸው የሚፈልጉት ሆነ። ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ።

ከኋላዬ በትሩ ከግድግዳው ሲነሣ ሰማሁ። "ይመልከቱኝ" አለ አንዳርጌ። በትሩን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ፈረሱንም ዳምጤንም ሆነ። ባልቴቷን ሰላም አለ፤ በባልቴቷ ድምፅ መለሰ። ሽፍቶቹን ሆኖ ደረሰ፤ እነሱም ሰላም አሉ። ሚካኤል በር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

"እንዲያ አይደለም" አሉ አባ ገስግስ። "አንገቱን ዝቅ ያደርጋል አስቀድሞ። ቀኝ እግሩን ደግሞ ትንሽ ይመልሳል።"

አንዳርጌ ተመለሰና እንደገና መጣ። አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ቀኝ እግሩን መለሰ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳምጤ ወድቆ ሽፍቶቹ "እኔን! እኔን!" እያሉ ሲያነሡት ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። ሳቃቸውን የሰማ መንገደኛ በሩ ላይ ተሰበሰበ። "ይህን ለሰው አሳይ" አሉት ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው። "ሁሉም ይየው። እግሩን ግን እንዳትረሳ።"

ከዚያ ወዲህ አንዳርጌ ካሜራውን አስቀምጦ ያን ሩጫ ያልሠራበት ሠርግ የለም። በገበያም፣ በማኅበርም፣ ሲለምኑት እምቢ አይልም። "ፈረሱን በቅሎ ያደረገው" የሚለው ስምም ቀረ። ያዩት ላላዩት ነገሩ፤ የሰሙት ልጆችም አድገው በፊልሙ አየነው አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰውም ከእነዚህ አንዱ መሆን አለበት። እሱ ሲያወራው ፈረሱ በሩ ላይ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ አሳይቶ ነበር፤ አሁን ነው ያስታወስኩት።

አባቱ ቤት ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። አባ ገስግስ በጣም አርጅተዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ በሰው ተደግፈው ተቀምጠዋል። የአንዳርጌ በትር ከፎቶ ቤቱ ዕቃ ጋር መጥቶ ከኋላቸው ቆሟል። በእኔ በኩል የተቀመጡ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ። አንዱ ሩጫው የፊልሙ መጀመሪያ ላይ ነው ይላል፤ ሌላው መጨረሻው ላይ ነው ይላል። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እሷ ነበረችበት፤ እሷን ጠይቁ" አለ። አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌው ሰሙ።

"አንች ጎረቤቱ አስተማሪዋ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ አባቴ።"

"ፈረሴን አሳየኝ አልሁት፤ እሱም አሳየኝ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አሁን እሱን ማን ያሳየኛል?"

እኔ ሰው ፊት ቆሜ ቀልድ አውርቼ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ተማሪዎቼን አስቄ አላውቅም። ቢሆንም ተነሣሁ። በትሩን ከኋላቸው አነሣሁና በእሱ ተደግፌ ቆምኩ። ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እንደምን ዋላችሁ?" አልኩ።

አባ ገስግስ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ እኔም ሩጫውን ጀመርኩ።